ካሜራው በማን እጅ? ከመቅደላ እስከ አይዳ ሙሉነህ

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የብሪታንያው ጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሲሰብር ከመድፉና ከዝሆኑ ጋር ካሜራም ይዞ ነበር። የምሕንድስና ክፍሉ ወታደሮች ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ አምባው በየሰፈሩበት ሣጥኑን በሦስት እግሩ አቁመው ገደሉን፣ ድንኳኑን፣ ከእስር የተፈቱትን አውሮፓውያን አነሡ። ሁሉም ለዘመቻው መዝገብ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ ፎቶ አልተነሡም፤ ከዚያ ቀን የቀረልን ከጦሩ ጋር የመጣ የብሪታንያ ቤተ መዘክር ሰው አስከሬናቸውን አይቶ የሣለው ንድፍ ነው።

ልጃቸው ዓለማየሁ ግን ከካሜራ አላመለጠም። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞተው፣ የሰባት ዓመቱ ልዑል በሻምበል ስፒዲ እጅ እንግሊዝ ደረሰና በዚያው ክረምት ዋይት በተባለችው ደሴት ከጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ተቀመጠ። ካሜሮን ፎቶግራፍ ከቀለም ቅብ የማያንስ ጥበብ ነው ብላ የተሟገተች፣ ኋላ ለመጡት ዘመናዊ ፎቶ አንሺዎችም አርአያ የሆነች ሴት ናት። ያነሣችው የልጁ ፊት እስከ ዛሬ ያሳዝናል። ኢትዮጵያዊ ፊት ወደ ፎቶግራፍ ጥበብ የገባው እንዲህ ነበር፤ ሳይፈልግ፣ በሰው አገር፣ በሰው እጅ።

ይህ ትረካ ያንን ካሜራ ከሰው እጅ ተቀብላ በራሷ ዓይን ማየት የጀመረችውን የአይዳ ሙሉነህን መንገድ ይከተላል። መንገዱ ከእሷ በፊት የተጀመረ ነውና ከዚያው እንነሣ።

ከግቢ እስከ ጉርድ ፎቶ

በምኒልክ ዘመን ካሜራው ግቢ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ የደረሰው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለንጉሡ ከሚሠራው ሥራ ጎን ለጎን አገሩንና ሰዉን ያነሣ ነበር፤ ክምችቱ ዛሬ የሚገኘው ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሐረር ላይ ደግሞ ግጥም ትቶ ንግድ የያዘው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ካሜራ ከአገሩ አስመጥቶ ራሱን አንሥቶ ለእናቱና ለእኅቱ ላከ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ የመጣው አርመናዊ ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ሆነ። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁበት። ከዚህ በኋላ የንጉሥ ፎቶ የመንግሥት ሥራ ነው፤ በቴምብር ይወጣል፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ይሰቀላል።

ዙፋን የሚያጸና ምስል ዙፋን ሊነቀንቅም እንደሚችል ለማየት ብዙ አልቆየም። በመስከረም 1909 ዓ.ም. የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲነሡ በሙስሊም ልብስ የሚታዩባቸው ፎቶዎች በመኳንንቱ ዘንድ ይዘዋወሩ እንደነበር፣ ከመካከላቸውም በእጅ የተቀነባበረ እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ፎቶ እውነት ይናገራል ብሎ ያመነ ሕዝብ፣ ፎቶ መዋሸት እንደሚችል ገና አልጠረጠረም ነበር።

ካሜራው በዚያ ዘመን ዙፋኑን ተከትሎ ይሄዳል። አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ምኒልክ ወደ ምዕራብ ተሻግረው አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ዋና ከተማ ጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባ ባለችበት ስትጸና፣ በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የታሰበው ቦታ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዙፋኑ ስላልረጋበት ምዕራብ ሸዋም፣ እንደ ብዙው የአገሪቱ ክፍል፣ መልኩን የሚያይበት ፎቶ ቤት ለረጅም ጊዜ አላገኘም።

ይህ የተለወጠው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ፎቶ ቤት ከአዲስ አበባ ፒያሳ ተነሥቶ አምቦን ወደመሳሰሉ የክፍለ አገር ከተሞች ደረሰ። መነሻው የመንግሥት ወረቀት ነበር። ለትምህርት ቤት፣ ለመታወቂያ፣ ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ ፎቶ ይጠየቃል። ለጉርድ ፎቶ የገባ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በዚያ አይመለስም። ፎቶ ቤቱ ኮትና ከረባት ያውሰዋል፤ በቀለም ከተሣለ መጋረጃ ፊት፣ ከአበባ ማስቀመጫ አጠገብ ያቆመዋል፤ አገጩን በጣቱ ቀና ያደርግለታል። ፊልሙ በጨለማ ክፍል ታጥቦ ይታተማል፣ ፊት ላይ ያለ ጠባሳ በእርሳስና በቀጭን ብሩሽ ይነካካል፣ ጥቁርና ነጩ ምስል አንዳንዴ በእጅ ቀለም ይቀባል። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ሙሽራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት መታየት እንደሚፈልጉ ራሳቸው የወሰኑት በእነዚህ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ነው። ፎቶ አንሺውን ግን ጥበበኛ ብሎ የጠራው አልነበረም፤ ስሙ ከፎቶው ጀርባ በማኅተም ላይ ቀረ።

ሥዕሉ ሲቀየር ካሜራው ባለበት ቆየ

በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1962 ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ኮሎኝ ተመልሶ ረቂቅ ሥዕል ማስተማር ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ መጥቶ ተቀላቀለው። የሐረሩ ቁም ጸሐፊ ልጅ ገብረ ክርስቶስና የአዲስ አበባው እስክንድር የቤተ ክርስቲያኑን ቀለም፣ የክታቡን ምልክትና የአውሮፓውን አዲስ ቅርጽ አንድ ሸራ ላይ አገናኙ። ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ጋዜጣው ተከራከረበት።

የዚህ ሞገድ አንዱ ክንድ ከአምቦ አቅራቢያ ነው የተነሣው። ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. ከአምቦ አለፍ ብላ ባለችው ቦዳ ተወለደ። ኦሮምኛን ከአባቱ ወገን፣ አማርኛን ከእናቱ ወገን ይዞ፣ ግዕዝንም ተምሮ አደገ። ገና በ13 ዓመቱ አምቦ ትምህርት ቤት ሳለ የጻፈው ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ታይቶለታል። በ1966 ዓ.ም. የግጥም መጽሐፉ «እሳት ወይ አበባ» ታተመ። ከቦዳ የተነሣው ድምፅ በኋላ ከአይዳ ካሜራ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ ይመጣል።

በሥዕልና በግጥም እንዲህ ያለ ነውጥ ሲነሣ ፎቶግራፍ በቦታው ቆየ። ግማሹ በቤተ መንግሥት፣ ግማሹ በፎቶ ቤት፣ የቀረው በጋዜጣ ውስጥ ነበር። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ንጉሡን ሲከተል የኖረው የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሽመልስ ደስታ በደርግ ዘመንም ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ የዚያ ዘመን ኔጌቲቮችም አብረውት ተሻገሩ።

ልጅነት በሻንጣ

አይዳ ሙሉነህ አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1974፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ነው። ገና ሕፃን ሳለች ከአገር ወጣች። የመን ኖረች፣ እንግሊዝን አየች፣ ቆጵሮስ ውስጥ በአዳሪ ትምህርት ቤት ቆየች፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ከእናቷ ጋር ካናዳ ገብታ በካልጋሪ ከተማ አደገች።

ካናዳ የገባችበት ዓመት ለአንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ከባድ ዓመት ነበር። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም የላኩት ዘገባ ዓለምን ዞሮ ነበር። በጭጋግ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ሕፃናት በእናት ክንድ ሲያልቁ ታየ። ያ ምስል ዕርዳታ አስነሥቷል፣ ነፍስም አድኗል። በዚያው መጠን ግን ለብዙ የውጭ አገር ሰው ኢትዮጵያ ማለት ረሃብ ሆነች። አይዳ በቃለ ምልልሶቿ በተደጋጋሚ እንደተናገረችው፣ የክፍል ጓደኞቿ ስለ አገሯ የሚያውቁት ከቴሌቪዥን ያዩትን ብቻ ነበር። እናቷ ግን ሌላ ኢትዮጵያን ትነግራታለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የማጥበብ ፍላጎት የሕይወቷ ሥራ ሆነ።

ካሜራን የለመደችው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። በቀይ መብራት ሥር ባዶው ወረቀት በፈሳሹ ውስጥ ቀስ እያለ ፊት ሲያወጣ ማየት ያዛት። ከዚያ ወደ ዋሽንግተን አምርታ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በፊልም ትምህርት ተመረቀች። ሃዋርድ በአጋጣሚ የተገኘ ቦታ አይደለም። ኃይሌ ገሪማ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊልም ያስተማረበት፣ እስክንድር ቦጎሲያንም ሠላሳ ዓመት ያህል ሥዕል ያስተማረበት ዩኒቨርሲቲ ነው። አዲስ አበባ የጀመረው ዘመናዊ ጥበብ በስደት የተጠለለው እዚያ ነበር ማለት ይቻላል። የጥቁር ሕዝብ ታሪክ በጥቁር ሰው ዓይን ይነገር የሚለው ክርክርም በግቢው ውስጥ በየዕለቱ የሚሰማ ነበር።

ከዚያ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ ፎቶ ጋዜጠኛ ሆነች። ጋዜጣ ፈጣን ትምህርት ቤት ነው። ወደ ማታውቀው ሰው ቤት መግባት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ብርሃኑን ማንበብ፣ አንድ ታሪክ በአንድ ፍሬም መጨረስ ያስተምራል። ሕጉም ጥብቅ ነው፤ ያላየኸውን አትጨምር፣ ያየኸውን አታንሣ። ይህን ሕግ ካወቀች በኋላ ነው ከሕጉ የወጣችው።

መመለስ

እ.ኤ.አ. 2007 ሁለት ነገር ይዞ መጣ። በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ጉባኤ ላይ የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት አገኘች። ባማኮ የሴይዱ ኬይታና የማሊክ ሲዲቤ ከተማ ናት። ሁለቱም ተራ ፎቶ ቤት ከፍተው የከተማቸውን ሰው በሚፈልገው አቋቋም ሲያነሡ ኖረው፣ ሥራቸው ዓለም የሚያደንቀው ጥበብ መሆኑ በእርጅናቸው የታወቀላቸው ሰዎች ናቸው። በዚያው ዓመት አይዳ ሠላሳ ዓመት ያህል ርቃት ወደ ነበረችው አዲስ አበባ ተመለሰች።

የመመለሱ የመጀመሪያ ፍሬ እ.ኤ.አ. በ2009 በብራስልስ የታተመው የፎቶ መጽሐፏ ነው፤ ትናንትንና ነገን በአንድ ርዕስ ያጣመረ፣ ቤተሰብን፣ ትዝታንና ማንነትን በአገር ቤት ኑሮ ውስጥ የሚፈልግ መጽሐፍ። የጋዜጠኛዋ እጅ ገና አለበት፤ ካሜራው ይጠብቃል፣ ያገኘውን ይይዛል።

አገር ቤት ስትኖር ያስተዋለችው ክፍተት ግን ከራሷ ሥራ የሰፋ ነበር። ባለሙያ ሞልቶ ሙያው ቤት የለውም። ፎቶ አንሺው የሚኖረው በሠርግ፣ በምርቃትና በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው፤ ዕርዳታ ድርጅቶችና የውጭ ጋዜጦች ስለ ኢትዮጵያ ፎቶ ሲፈልጉ ፎቶ አንሺ በአውሮፕላን ይልካሉ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 ዲኤፍኤ በተባለው ድርጅቷ በኩል አዲስ ፎቶ ፌስትን ጀመረች። በየሁለት ዓመቱ በአዲስ አበባ ይካሄድ የነበረው ይህ ፌስቲቫል ከአፍሪካም ከሌላውም ዓለም የመጡ ሥራዎችን ከኢትዮጵያውያኑ ጎን ሰቀለ። ከውጭ የመጡ አዘጋጆችና የፎቶ አርታዒዎች ከአገሬው ወጣት ጋር ጠረጴዛ ተጋርተው ሥራውን አንድ በአንድ ተመለከቱለት። ወጣቱ ሥራውን ማስረዳትን፣ መምረጥን፣ ዋጋ መተመንን በዚያ ተማረ። ከፌስቲቫሉ ጋር ሥልጠናም ይሰጥ ስለነበር ካሜራ የያዙ ኢትዮጵያውያን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ድፍረታቸውም ጨመረ።

ወደ ፎቶ ቤቱ መመለስ

ትልቁ እጥፋት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ካሜሩናዊው አዘጋጅ ሲሞን ንጃሚ የዳንቴን «መለኮታዊ ኮሜዲ» በአፍሪካውያን ዓይን የሚያይ ትልቅ ትርዒት ሲያሰናዳ ለአይዳ የደረሳት ሲኦል ነበር። ሲኦልን በጋዜጣ ካሜራ ማንሣት አይቻልም። ስለዚህ ካሜራዋን ከመንገድ ወደ ስቱዲዮ መለሰችው። ፊቷ በነጭ የተቀባ፣ እጇ በቀይ የተነከረ አንዲት ሴት ስስ ነጭ ልብስ ለብሳ ከግራጫ ዳራ ፊት ቆመች። በተከታታዩ ፎቶዎች ቀዩ እጅ አንዳንዴ የራሷ፣ አንዳንዴ የሌላ ሰው ይመስላል። የምታየው እሳትና ሰንሰለት የለም፤ ሲኦሉ በሰው ላይ ሰው ያደረገውን ተሸክሞ መኖር ነው። ሥራው «99» የሚል ስም ይዞ እ.ኤ.አ. በ2014 ፍራንክፈርት ላይ ታየ፤ ቀጥሎ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ደረሰ።

ከዚህ በኋላ ሥራዋ ሁሉ በዚህ መንገድ ሄደ። መጀመሪያ ንድፍ ትነድፋለች። ልብሱ ይሰፋል፣ ዳራው ይቀባል፣ ቁሳቁሱ ይፈለጋል። ሞዴሏ ከተቀመጠች በኋላ የሜካፕ ባለሙያ ፊቷንና እጇን በሰማያዊ፣ በነጭ ወይም በቢጫ ይሸፍናል፤ ከግንባር እስከ አገጭ የነጠብጣብ መስመር ይወርዳል። ይህ ጌጥ በብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ከሚታወቀው የገላ ቅብ የመጣ ነው። ቀዩ፣ ቢጫውና ሰማያዊው ደግሞ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ጋር ዘመድ ነው፤ ዓይኖቹም እንደዚያው ሥዕል ትልቅና ፊት ለፊት የሚያዩ ናቸው። የፊቱ ቆዳ በቀለም ስለሚሸፈን ተመልካቹ «ይህች ማን ናት? ድሃ ናት ወይስ ሀብታም? ከየትኛው ብሔር ናት?» እያለ መመደብ ያቅተዋል። የሚቀረው አቋሟና ዓይኗ ነው።

በዚህ አሠራር አይዳ ሁለት የተለያዩ ወንዞችን አገናኘች። አንደኛው የእነ ገብረ ክርስቶስና የእነ እስክንድር ነው፤ ቅርጹን አጥርቶ፣ ቀለሙን አጉልቶ ተመልካች እንዲጠይቅ ማድረግ። ሁለተኛው የፎቶ ቤቱ ነው፤ የተቀባው መጋረጃ፣ የተመረጠው ልብስ፣ አገጭ ቀና የማድረጉ ጥንቃቄ። አምቦ ላይ ለጉርድ ፎቶ ገብቶ በተዋሰው ኮት ሙሉ ቁመቱን የተነሣው ሰው የፈለገውን ክብር እሷ በሌላ ቋንቋ መለሰችው። የኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ዘመናዊ የሆነው የራሱን ፎቶ ቤት በጥሞና ሲያይ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2016 «ዓለም ዘጠኝ ናት» የተባለውን ተከታታይ ሥራ በኒውዮርክ አሳየች። ስሙ ከአያቷ አፍ የተወሰደ ነው፤ ዓለም አሥር አትሞላም፣ ሁልጊዜ አንድ ይጎድላታል። አያቶቻችን ይህን የሚሉት ለማጽናናት ነው፤ አይዳ ግን እንደ ጥያቄ አነሣችው። በፎቶዎቹ ውስጥ ያሉት ሴቶች ነገሥታት ይመስላሉ፤ ሆኖም አንድም ቦታ ሙሉ ደስታ አይታይም። ሁሉም የሚጎድላቸውን የሚያውቁ ናቸው። በዚሁ ዓመት ለድንቅነሽ ክብር የሠራቻቸው ፎቶዎችም ወጡ፤ የዓለም ሳይንስ «ሉሲ» ብሎ የሰየማትን አጽም ቀይ ልብስ አልብሳ በአገሯ ስም ጠራቻት።

ጀሪካን በዳሎል፣ ረሃብ በስቱዲዮ

እ.ኤ.አ. በ2018 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በአዲስ ፎቶግራፍ ትርዒቱ ውስጥ ሥራዋን አካተተ። በዚያው ዓመት ለዕርዳታ ድርጅቱ ዋተርኤይድ በሠራችው የውሃ ተከታታይ ሥራ ስቱዲዮውን ነቅላ ወደ አፋር ወሰደችው። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ዳሎል፣ በጨውና በድኝ ሜዳ ላይ፣ በቀይና በሰማያዊ ካባ የተሸፈኑ ሴቶች ቆሙ። በአንዳንዶቹ ፎቶዎች ላይ ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ ተያይዘው እንደ እግር ብረት ይጎተታሉ። በአገሪቱ ስትዘዋወር ውሃ ተሸክመው የሚጓዙ ሴቶች ያልታዩበት መንገድ አልነበረም። በምዕራብ ሸዋም ከአምቦ ወጣ ሲሉ ያው ጀሪካን፣ ያው ጀርባ ይታያል። የዕርዳታ ድርጅት ፎቶ የተጎሳቆለች ሴት አሳይቶ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የአይዳ ፎቶ ደግሞ ሸክሙን እንጂ ሴቲቱን አያሳንስም። ሥራው በ2019 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚገኘው ሶመርሴት ሃውስ ለሕዝብ ቀረበ።

በዚያ ዓመት የሰላም ኖቤል ሽልማት ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሲሰጥ ኦስሎ የሚገኘው የኖቤል የሰላም ማዕከል የትርዒቱን ፎቶዎች ያሠራው በአይዳ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሽልማቱ ለዓለም የምግብ ፕሮግራም ደረሰና ማዕከሉ እንደገና ጠራት። በዚያው ሰሞን፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ኢትዮጵያ ወደ ጦርነት ገባች።

ለዓለም የምግብ ፕሮግራም ትርዒት የሠራችው «የክብር መንገድ» የተባለው ሥራ የዚህ ታሪክ ሁሉ መገናኛ ነው። ጉዳዩ ረሃብ እንደ ጦር መሣሪያ መዋሉ ነው፤ በተለያዩ አገሮችና ዘመናት ሰው ሆን ተብሎ በረሃብ የተቀጣባቸውን ጊዜያት ያነሣል። የ1977ቱን የቴሌቪዥን ምስል በልጅነቷ ተሸክማ የኖረች ሴት ረሃብን አላነሣም ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን አነሣችው። የከሳ ሕፃን ግን አንድም ቦታ የለም፤ ያለው የተቀባ ፊት፣ የተሰለፈ ወታደር መሳይ አቋም፣ ባዶ ዕቃ ነው። ተመልካቹ እንዲያዝን ሳይሆን «ይህን ማን አደረገው?» ብሎ እንዲጠይቅ የተዘጋጀ ነው። ኮረም ላይ ካሜራው ያተኮረው በተራበው ላይ ነበር፤ እዚህ ወደ አስራቢው ዞረ።

ከቦዳ ወደ ኒውዮርክ ፌርማታ

እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለችውን ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መረጠ። የሐሮ ወንጪ ሐይቅ፣ የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት፣ ጀልባውና ፈረሱ በሺህ ስልኮች ተነሡ። ውበቱ የሚካድ አይደለም፤ ሆኖም ከስልኮቹ አብዛኞቹ የሚፈልጉት ውሃውን ነው፤ ፈረሱን የሚስበው ልጅ ብዙ ጊዜ የፎቶው ጠርዝ ላይ ይቀራል። አይዳ ለሃያ ዓመት ስትከራከርበት የኖረችው ጥያቄ፣ ማን እንዴት ይታያል የሚለው፣ እዚህም አለ።

እሷ በዚህ ጊዜ ኑሮዋን ወደ ኮትዲቯር አቢጃን አዛውራ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት የኒውዮርኩ ፐብሊክ አርት ፈንድ 12 አዳዲስ ፎቶዎቿን በኒውዮርክ፣ በቦስተን፣ በቺካጎና በአቢጃን ከ300 በላይ የአውቶቡስ ፌርማታዎች ላይ ሰቀለ። ማስታወቂያ በለመደ ቦታ፣ ሥራ የሚቸኩል ሰው አጠገብ፣ እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች ቆሙ። የትርዒቱ ርዕስ ያለሁበት ቦታ ይህ ነው የሚል ሲሆን የተወሰደው ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ግጥም ነው። ጸጋዬ በየካቲት 1998 ዓ.ም. ያረፈው በዚያው በኒውዮርክ፣ በማንሃተን ነበር። የአምቦው ልጅ ቃል ካረፈበት ከተማ መንገድ ላይ፣ በአዲስ አበባዋ ልጅ ምስል ተመልሶ ወጣ።

በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእንግሊዟ ብራድፎርድ የዓመቱ የባህል ከተማ ስትሆን ኢምፕሬሽንስ ጋለሪ የአይዳን ትርዒት ከፈተ። ለዚህ ሥራ ያነሣችው በብራድፎርድ፣ በቤልፋስት፣ በካርዲፍና በግላስጎው ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዛዊት ሴት ኢትዮጵያዊ ልጅ ከፊቷ አስቀምጣ አነሣች፤ ከ150 ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ ኢትዮጵያዊት ሴት ካሜራዋን ይዛ ብሪታንያን በራሷ ዓይን አየች።

ይህን ድል ማለት ይቻላል፤ ግን ሥራው በዚህ አያልቅም፤ አይዳም ያለቀ አላስመሰለችም። አቢጃን ላይ አፍሪካ ፎቶ ፌርን ከመመሥረቷ ሌላ አፍሪካ ፕሪንት ሃውስ የተባለ የኅትመት ቤት ከፍታለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኢልግ ፎቶዎች ዙሪክ፣ የሽመልስ ደስታ ኔጌቲቮች ለንደን ናቸው። ፎቶ የሚያነሣው አፍሪካዊ ሆኖ የሚታተመውና የሚጠበቀው ባሕር ማዶ ከሆነ ግማሹ ሥልጣን አሁንም በሰው እጅ ነው። በአገር ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለ መጽሐፍ ከየቤተሰቡ አልበም የተሰበሰበ አሮጌ ፎቶ ምን ያህል ታሪክ እንደሚይዝ አሳይቷል። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ ለብዙ ዓመታት ሰው ያነሡ ፎቶ ቤቶች ኔጌቲቭ ግን እስካሁን ሰብሳቢ ይጠብቃል። ባለቤቱ ሲሞት ልጆቹ ካርቶኑን አውጥተው ከመጣላቸው በፊት አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከአዲስ ፎቶ ፌስት የተመረቀ አንድ ወጣት ቢደርስበት፣ የሚቀጥለው የኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ታሪክ ጸሐፊ ከመቅደላ ይልቅ ከአምቦ ፎቶ ቤት ሊጀምር ይችላል።